የሸዋ በር ቀማሽ

ኢክራም ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሰፈሩን ወተት የምታሸተው እሷ ናት።

ሸዋ በር ላይ ልጅ የሌለበት ቤት ሁሉ ሲነጋ በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጠለጥላል። ጨርቁ ልጅ ላኩልን ማለት ነው። ታላቅ እህቷ ረውዳ እጇን ይዛ ጨርቅ ካለበት ቤት ጨርቅ ወዳለበት ቤት ትወስዳታለች። ኢክራም ጆጉ ውስጥ አፍንጫዋን ትከታለች፤ ወይ «ደህና ነው» ትላለች፣ ወይ ፊቷን ጭምድድ ታደርጋለች። ደህና ከሆነ ይጠጡታል፣ ካልሆነ ይደፉታል፣ እሷም ጉንጯን ተስማ ወደሚቀጥለው ቤት። አንዳንድ ቀን አስራ አራት ቤት ይደርሳሉ። ስትኮራ ደሞ አይጣል ነው፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው የምትራመደው፣ ልክ እንደ ጤና ጣቢያው ዶክተር።

ትልልቆቹ የተበላሸና ያልተበላሸ አይለዩም። ጋዝ ቢያፈስ አያውቁም፣ የሚቃጠል ነገር ቢኖርም ጭሱን በዓይናቸው ካላዩ አያውቁም። እንዲህ ከሆነ ቆይቷል፤ ማንም አያማርርም።

ሰው ሁሉ ይስባል። ልጅ አስራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ቬፑን፣ በባትሪ የሚሠራውን ማጨሻ፣ ከትምህርት ቤት ይቀበላል፣ ቀለም መርጦ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር። ከዚያ ምላስ እየሳቡት ይዘጋል። ባንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ጨው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሎሚ፣ መጨረሻ ላይ የእናት ልብስ ሽታ። ስለዚህ ቤቱ ቅመም የሚያስቀምጥ የለም። ሁሉም ነጩን፣ ያን ጣዕም የሌለው ገንፎ ነው የሚበላው፤ ጠዋትም ነጩ ነው፣ ማታም ነጩ ነው፣ ሠርግ ላይም ነጩ ነው፣ በሳህን ለብ ብሎ ይመጣል። ሰው መጀመሪያ ይስባል፣ ከዚያ ጣዕሙ አፉ ውስጥ እያለ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል። ጣዕሙ ሲጠፋ ማንኪያውን ያስቀምጣል። የጠገበ ሰው ማለት ያ ነው።

ለተዘጋ ምላስ ደሞ አዲስ የቬፕ ፈሳሽ እንደ ውሃ ነው። የሚሰማው የቆየ ብቻ ነው። የረውዳ ክፍል ልጆች የአንድ ወር ይበቃቸዋል። እናቷ ዘይነባ ሰላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስምንት ዓመት ካልቆየ ምንም አይሰማትም። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው አርባ ዓመት የቆየ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው ገና በሰላሳ ዓመቱ ለእርጅናው ይጠነስሳል፤ የሚወደውን ይመርጣል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይከታል፣ ቡሹን በሰም ያሽጋል፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ለእድሩ ያስረክባል። እድሩ ከጦሳ ተራራ ሥር ማቆያ አለው፤ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሦስት ሺህ ብልቃጥ ተደርድሮበታል። በየሳምንቱ ተረኛ ገብቶ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ ዝቃጩ አንድ ቦታ እንዳይተኛ። ሲገላበጡ ዝም ነው የሚባለው። ማንም ተናገር አትናገር ብሎ ደንብ አላወጣም፤ ሰው ራሱ ዝም ይላል።

ግን ብልቃጥ በቀን መቁጠሪያ አይደርስም። አንዱ በሰላሳ ስምንት ዓመቱ ይደርሳል፣ አንዱ አርባ አምስት ሞልቶትም ገና ነው። ሳይደርስ ከተከፈተ አለቀ፤ አየር ከገባበት ከሳምንት በላይ አይኖርም፣ መልሶ ማሸግ የሚባል ነገርም የለም። ስለዚህ ሰሙ ከመሰበሩ በፊት በቡሹ ውስጥ በቀጭን መርፌ አንድ ጠብታ ይወጣና ያልተዘጋ ምላስ ላይ ይደረጋል። የዚያ ምላስ ባለቤት ቀማሽ ይባላል።

ረውዳ ቀማሽ ናት። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከአስራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ።

ቀማሽ መሆን እንዴት ደስ እንደሚል እኮ ያልሆነው ሰው አይገባውም። ብርቱካናማ ሻርፕ አለ፣ ከቀማሽ በቀር ማንም የማይለብሰው። ታክሲ ውስጥ ይነሱልሻል። እድሩ ሲሰበሰብ ሽበታም ሽማግሌዎቹ ጋ ፊት ለፊት ወንበር አለሽ። የክፍሏ ልጆች እየሳቡ እሷ ብቻ አለመሳቧ መጀመሪያ ያበሽቃት ነበር፤ ሻርፑን ስታደርግ ግን ይረሳል። ደሞ እሷ ዝም ብላ «ደርሷል» ብላ አትቀመጥም። ትናገረዋለች። የሐጂ እንድሪስን ብልቃጥ ስትቀምስ መጀመሪያ ሎሚ መጣ፣ ሎሚው ሰላም ሳይል ወጣ፣ ቀጥሎ ዝናብ የመታው አፈር ገባና ቁጭ አለ፣ ከአፈሩ ኋላ ደሞ ኮሰረት እያፈረ በሩ ላይ ቆሟል ብላ ሰዉን በሳቅ ፈጀችው። ሐጂ እንድሪስ ግን አልሳቁም፤ ኮሰረቱ እውነትም የጨመሩት ሳይናገሩ ነበርና እንባቸው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከሆጤም ከሳላይሽም እሷን ለመስማት የሚመጣ ሰው ነበር።

የማቆያው ጠባቂ ጋሽ ይመር ግን አይወዱም ነበር። ደረሰ አልደረሰ ለማለት አንድ ጠብታ ይበቃል፣ ሁለተኛው ለወሬ ነው ይሏታል። እሺ ትላለች። ሰሙን ለማሞቅ ዞር ሲሉ ሁለተኛውን ትወስዳለች። ሦስተኛውንም። አንድ ጠብታ ሎሚውን ብቻ ነው የሚሰጣት፤ አፈሩና ኮሰረቱ ያለው ከሁለተኛው በኋላ ነው፤ ሰዉ ደሞ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ በሎሚ ብቻ እንዴት ይሰናበታል።

አርባ ዓመት የቆየ ጠብታ ምላስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ከረውዳ በፊት ቀማሽ የነበረችው ሙኒራ አስራ ሰባት ዓመቷ ላይ ተዘጋች። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ካልቆየ አይሰማትም፣ እሷ ደሞ ሳትወለድ የጠነሰሰላት የለም። አንገቷ ቀጥኗል። መንገድ ላይ ሲያገኟት ያቅፏታል፣ ውለታሽ አለብን ይሏታል፣ ከዚያ ያልፋሉ።

ምንም የማይሰማው ሰው ደረቀ ይባላል። የደረቀ ሰው አይበላም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ደርቋል ብሎ ይጽፋል፣ ቤተሰቡ ወረቀቱን ተቀብሎ ይቀመጣል፣ ከሃያ ቀን አይበልጥም። ሳይሰማው የሚበላ ሰው የለም። ይሄ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል እንደማለት ነው፤ ማንም ሞክሮ አያውቅም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የደረቁት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የሰፈሩን ግማሽ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጋሽ ይመርን ራሳቸውን ሳይቀር። እስከ ሰኔ እናታቸው የተዉላቸውን ብልቃጦች እያከታተሉ ሲስቡ ኖሩ፣ እነሱ አለቁ። አንድ የራሳቸው ብልቃጥ ብቻ ቀራቸው፤ ጦስኝና የብርቱካን ልጣጭ፣ አርባ አንድ ዓመት የቆየ። ስድስት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር በአፋቸው ምንም አልገባም። ብልቃጡ ከደረሰ አንድ ሳምንት ይስቡታል፣ ምላሳቸው ለወራት ይነቃል፣ ይበላሉ። ካልደረሰ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፣ ለመስከረም፣ ለሚቀጥለው ዓመት፣ እሳቸው ለማይደርሱበት። ሳይደርስ ከከፈቱት ደሞ ያው አንድ ነው የነበራቸው።

ቅምሻው እሁድ ጠዋት ሆነ።

እሁድ ጠዋት ረውዳ እየተጣደፈች ቤት ውስጥ የተረፈውን ወተት አነሳችና ግማሹን ጠጣች። ኢክራም በሩ ላይ ቆማ አየቻት፤ ፊቷ ጭምድድ አለ።

«ረውዲ፣ እሱ እኮ ተበላሽቷል።»

ረውዳ ሳቀች። አውቄ ነው፣ ላስቅሽ ብዬ ነው አለቻት። ኢክራምም ሳቀች፣ እሷን ማሳቅ ቀላል ነው። ከዚያ ረውዳ ጓሮ ወጥታ የላሚቱን አሞሌ ላሰችው። ድንጋይ ነው። ደግማ ላሰችው፣ ላሚቱ እያየቻት። ከጎረቤት አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሎሚ ቆርጣ በጥርሷ ገመጠችው፣ ጭማቂው በአገጯ ወረደ፣ ዓይኗ እንኳ አልጨፈነም። ልጣጩን ጨብጣ ቆመች። አስራ ሰባት ዓመት እኮ ነው የሚባለው። ሁለት ዓመት ይቀራት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሰበችው ስለራሷ አልነበረም፤ ይሄ ራሱ ገረማት። ቀማሽ ሲዘጋ፣ በቤቱ ታናሽ ካለ፣ ሌላ ቀማሽ የሚወጣው ከዚያው ቤት ነው። ቀምሶ የለመደ ቤት ነው ይባላል። የዘይነባ ቤት ውስጥ ያልተዘጋ ምላስ አንድ ቀርቷል። እድሩ ኢክራምን ስምንት ዓመት ሲሞላት ብሎ መዝግቧታል፤ ግን ብልቃጥ እየጠበቀና ሰው እየደረቀ ስምንት ዓመት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ አስጠርተው ሻርፑን ያለብሷታል፣ መሬት እየጎተተ። ኢክራም ራሷ በደስታ ትሞታለች፤ ሻርፑን እየሰረቀች መስታወት ፊት ስትዞር ስንቴ ይዛታለች። ስድስት ላይ ከጀመረች አስራ ሁለት ላይ ትዘጋለች። ሃያ ዓመቷ ላይ የአያቷን ዕድሜ የቆየ ብልቃጥ ያስፈልጋታል። ረውዳ ይህንን በጣቷ ቆጠረችና ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች።

በሌላ በኩል እትዬ ጥሩወርቅ አሉ። የኢክራም አንድ ጠብታ ቁርጡን ይናገራል። ረውዳ ዋሽታ ደርሷል ካለች በግምት ነው፤ ግምቱ ከሳተ ሰው ይሞታል።

እናቷ ሻርፑን አሰረችላት። ዛሬ በደንብ ተናገሪላቸው፣ አስተማሪዬ ናቸው አለቻት። ረውዳ እሺ አለች። ኢክራም ተከትላ ልምጣ አለች፣ አይሆንም ተባለች፣ መጣች።

ማቆያው ፊት ለፊት አንድ ክፍል አለ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሰዉ ውጪ ቆሞ በመስኮቱ ያያል። እትዬ ጥሩወርቅን በአልጋ ተሸክመው እዚያ አስገብተዋቸዋል። ልጃቸው ሲራክ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከጭንቀት ብዛት ባዶ ቬፑን ይስባል። ነጩ በሳህን ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ቀማሿ ከመቅመሷ በፊት የብልቃጡን ባለቤት ሰላም ትላለች፣ ለብቻ፣ መጋረጃው ተዘግቶ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ጉልበት ትስሚያለሽ፣ ትወጫለሽ።

ሲራክ ወጣ። ረውዳ መጋረጃውን ሳበች። የመጣችው ለመዋሸት ነበር፤ ከቤት እስከዚህ ስትለማመደው ነው የመጣችው። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስትስም ግን ብርድ ልብሱ ሥር ምንም ሥጋ የለም፣ አጥንት ነው ከንፈሯን የነካት።

«እትዬ፣ ተዘግቻለሁ» አለች።

ዓይናቸውን ገለጡ። የክፍል ልጅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጣቸው እንደሚያዩት አዩዋት፤ ሳይቆጡ፣ የት ጋ እንደተሳሳተች እየፈለጉ።

«መቼ?»

«ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

«ስንት ጠብታ ነበር የምትወስጂው?»

«ሦስት። አንዳንዴ አራት።»

«ለምን?»

«እንዲያምር» አለች ረውዳ፤ ስትሰማው ለራሷም አሳፈራት።

እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀች። «አያትሽም እንዲያው ነበር» አሉ። «ፈተና ላይ መልሱን በሦስት ቀለም ይጽፍልኛል። ሲያምር። መልሱ ግን ስህተት ነው።»

ረውዳ መሳቅ አልቻለችም። ያሰበችውን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ኢክራም ውጪ እንዳለች፣ ብትጠራ አሁኑኑ እንደምትቀምስ፣ ቁርጡ እንደሚታወቅ፣ አንድ ጠብታ ብቻ እንደሆነ፣ አንድ ጠብታ ደሞ ብዙ እንደማይጎዳ፣ ከዚያ በኋላ እሷ ረውዳ ራሷ እድሩን ለምና እንደምታስቀር። የመጨረሻውን ስትናገር ድምጿ አነሰ፣ እድሩን ለምኖ ማንም ያስቀረው ነገር ስለሌለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው መለሱ። ከውጪ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል፣ አንዷ ሌላዋን አትግፊኝ ትላለች።

«ሙኒራም አንድ ጠብታ ነበር የተባለችው» አሉ። «ስትመረጥ እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ። የወተት ጥርሷ ተነቅሎ አላለቀም ነበር። የእናቴ የመጀመሪያው ብልቃጥ መድረሱን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አስራ ሦስት ዓመት የእናቴን ብልቃጦች ሳብኩ። ባለፈው ቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ አለች። ማን ማንን እንደሚጠይቅ ጠፋኝ።»

«ብልቃጡ ካልደረሰስ፣ እትዬ?»

«ካልደረሰ አልደረሰም። የኔ ነው።»

«ይሞታሉ እኮ» አለች ረውዳ። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች።

ክንዷን ያዙ። ፈርተዋል፣ ይህ ግልጽ ነው፣ አልደበቁትምም። «ደርሷል በይ» አሉ። «አንድ ቃል። አታሳምሪው። የቀረው የኔ ሥራ ነው። ሂጂ አሁን፣ ይመር እንዳይጠረጥር።»

መጋረጃው ተከፈተ። ሰዉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ኢክራም የአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ወጥታ በመስኮቱ ታያለች፣ እጇን አወዛወዘችላት። ጋሽ ይመር ብልቃጡን በነጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። ቡናማ ነው፣ በብርሃን ሲያዩት ውስጡ የማር ቀለም ነው፤ ግን ሳይደርስ የማር ቀለም የሚሆንም አለ፣ ቀለም ምንም ማለት አይደለም። መርፌውን በቡሹ አስገቡ፣ በቀስታ ሳቡ፣ ረውዳ ምላሷን አወጣች።

ጠብታው አረፈ።

እርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። ረውዳ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው፣ ከሩቅም ቢሆን፣ በሩን በርግዶም ባይሆን በቀዳዳ አጮልቆ ይመጣ እንደሆነ። ብርቱካን በልቧ ጠራች። ብርቱካን ምን ይመስል እንደነበር እንኳ ማስታወስ አልቻለችም፤ ቃሉ ብቻ ቀርቷል፣ ብርቱካን፣ እንደ ሰው ስም።

«ደርሷል» አለች።

ሰዉ ጠበቀ። አንድ ከሆጤ የመጣ ሰውዬ፣ ገና በጠዋቱ ቦታ ይዞ የቆመ፣ ዛሬ ስብከት የለም እንዴ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ለአንድ ቃል ነው የመጣነው ብሎ አጉረመረመ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ጋሽ ይመር አልሳቁም። መርፌውን እንደያዙ አዩዋት። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ።

«ሁለተኛ ጠብታ ልጨምርልሽ?»

የዚያን ጊዜ ገባት። ዞር ሲሉ የምታደርገውን ሁልጊዜ ያውቁ ነበር። ሁልጊዜ። ደስታዋን ላለማበላሸት ይሁን፣ ሰዉ ስለሚወድ ይሁን፣ ዞር ይሉላት ነበር። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ንዴት አይደለም፣ ንዴት ቢሆን ይሻላት ነበር።

«አንድ ይበቃል፣ ጋሽ ይመር» አለች።

ጋሽ ይመር ብልቃጡን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ እትዬ ጥሩወርቅም አዩዋቸው፤ ድሮ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲያቆሟቸው እንዳደረጉት ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ጋሽ ይመር ሰሙን በቢላዋ ዙሪያውን ቆረጡት። ቡሹ ሲወጣ ትንሽ ድምፅ አሰማ። አበቃ፤ ከዚህ በኋላ መመለስ የለም።

ጋሽ ይመር ብልቃጡን ተመልሶ ለገባው ለሲራክ ሰጥተው ወጡና መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሲራክ ቬፑን ሞላ፣ ሁለት ጠብታ ብርድ ልብሱ ላይ አፈሰሰ፣ ለእናቱ ከንፈር አቀረበ። ሳቡ። ጭሱ ነጭ ሆኖ ከአፋቸው ወጣ፣ ከፊታቸው በላይ ቆመ። ሰዉ ያንን ጭስ ነው የሚያየው፤ ከደረሰ ብልቃጥ የወጣ ጭስ ዝግ ይላል ይባላል፣ ይሄም ዝግ ያለ መሰለ፣ ወይም ሁሉም እንዲህ እንዲመስላቸው ፈለጉ። ሁለተኛ ሳቡ። ሦስተኛ ሳቡ። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ረውዳ ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር ፈለገች፤ የሐጂ እንድሪስን ዓይነት፣ ያ በድንገት ልጅ የሚያስመስለውን ነገር።

ውጪ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ገለጡና ሲራክ ውሃ እንዲያመጣ ላኩት። በጣታቸው ረውዳን ጠሯት። ጎንበስ ስትል ጆሮዋ ላይ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ፣ ለልጅ ፈተና ላይ መልስ እንደሚያሾልክ ሰው አሉ፤

«ምንም የለም።»

ረውዳ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። በመስኮቱ በኩል ሁሉም እያያት ነው፣ ኢክራም ከትከሻው ላይ ሆና እየሳቀችላት ነው፣ ማልቀስ አይቻልም፣ መውደቅ አይቻልም።

«የእድሩ ጉባኤ መቼ ነው?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ጥያቄው አልገባትም። ደገሙላት። ጥቅምት ውስጥ ነው፣ የሚቀጥለው ብልቃጥም ያኔ ነው የሚቀመሰው አለቻቸው።

«ከዛሬ ስንት ቀን ነው?»

ጳጉሜን ጨምራ ቆጠረች። «ሰባ።»

«እስከዚያ እኖራለሁ። ያኔ ሁሉም ባሉበት፣ በእግሬ ቆሜ፣ ምንም ሳይሰማኝ በላሁ እላቸዋለሁ፤ ያኔ ልጅ ማስቀመስ ለምን ያስፈልጋል። ውሸቱም የኔ ነው እላለሁ። ሞቼ ከሆነ የሚሰማኝ የለም፤ አንቺ ብትናገሪው ደሞ ልጅ ናት ይሉሻል።» ትንፋሻቸው አለቀ፣ ትንሽ አረፉ። «በቀን ሦስት ሳህን። ሁለት መቶ አስር ነው። ማንኪያውን አቀብይኝ።»

ረውዳ ከሳህኑ ላይ ክዳኑን አነሳች። ነጩ ለብ ብሏል፣ ፊቱ ስስ ቆዳ ሠርቷል። አቀበለቻቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ሞሉት፣ አነሱት፣ አፋቸው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጉሮሯቸው እምቢ ሲል ታየ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ተገተረ፤ ከዚያ ከተቱት። አላመጡ። ያኘኩት ነገር ምን እንደሆነ አፋቸው አያውቅም፤ ጭቃ ይሁን ሥጋ ይሁን። ዋጡ። ሆዳቸው ሊመልሰው ሞከረ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው ጠበቁት፣ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ሞሉ።

ውጪ እልልታው ቀለጠ። ሲራክ ውሃውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ከሆጤ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ኮፍያውን አውልቆ ያጨበጭባል። ጋሽ ይመር ብቻ ከመስኮቱ ዞር አላሉም፤ የሚዋጠውን እያንዳንዱን ማንኪያ ይከተሉታል፣ ሲዋጥ የሳቸውም ጉሮሮ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አምስተኛው ላይ ግንባራቸው በላብ ራሰ፤ ረውዳ ብርቱካናማውን ሻርፕ ፈትታ ጠረገችላቸው። ስምንተኛው ላይ ማንኪያው ከጣታቸው ወደቀ፤ አንስታ ሞላችው፣ አጎረሰቻቸው። ሌላ ሰው አጉርሳ አታውቅም ነበር፤ እንዴት እንደሚያዝም አታውቅም፣ አገጫቸው ላይ ፈሰሰባት። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሰዉ እልል ብሎ ብሎ ደከመውና መበተን ጀመረ፤ ነጫጭ ጨርቅ ወዳንጠለጠሉበት ቤታቸው፣ እየሳቡ፣ እያወሩ። ኢክራም ከትከሻው ላይ ወርዳ ከሌሎች ልጆች ጋር ግድግዳው ሥር ትሯሯጣለች።

ሳህኑ ባዶ ሆነ። እትዬ ጥሩወርቅ ትራሱ ላይ ተጋደሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ረውዳ ተኝተዋል ብላ ሳህኑን ልታነሳ ስትል፣

«ሁለት መቶ ዘጠኝ ቀረ» አሉ።